ባለቤቴ «ሂድ፤ ባጃጇን ግን አትሽጣት» አለችኝ

ጥያቄ፦

ውድ አማካሪያችን፣ እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 33 ሲሆን የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ብየዳም የለመድኩት በልጅነቴ እርሱ ባስገባኝ ጋራዥ ከማስተሮቹ እግር ሥር ሆኜ ነው። ዛሬ ሳቢያን አካባቢ በአንድ የብረታ ብረት ቤት በርና መስኮት፣ የውኃ ታንከር ማስቀመጫ፣ አንዳንዴም የጭነት መኪና አካል እበይዳለሁ። ባለትዳር ነኝ፤ የ4 ዓመት ሴት ልጅም አለችን። ከባለቤቴ ጋር ቆጥበን የገዛናት አንዲት ባጃጅ አለችን፤ ሹፌር ቀጥረንላት በየቀኑ የምታስገባው ገንዘብ ለቤታችን አስቤዛ ትልቅ መደጎሚያ ነው።

ሥራዬ ግን እየቀዘቀዘ ሄዷል። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የላሜራና የቱቦላሬ ዋጋ ስለተሰቀለ፣ በር ለማሠራት የሚመጣ ሰው ዋጋውን ጠይቆ ይመለሳል። አብሮ አደግ ጓደኛዬ አውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ ነው የሚኖረው፤ በአውሮፕላን እየተመላለሰ በብረት ማዕድን ማውጫ ይሠራል። ባለፈው ዓመት ለዕረፍት መጥቶ ከዚራ ሰፈር በተቀመጥንባቸው ቀናት ሁሉ ሒሳብ የሚከፍለው እርሱ ነበር፤ ኪሴ እየገባሁ ባዶ እጄን ሳወጣ የተሰማኝን እኔ ነኝ የማውቀው። ጎማቸው ከሰው ቁመት እጥፍ የሚሆን መኪኖች አጠገብ የተነሣቸውን ፎቶግራፎች አሁንም እያወጣሁ አያቸዋለሁ።

በቅርቡ አንድ ደላላ ተዋወቅሁ። በጎብኚ ቪዛ እንደምገባ፣ እዚያ ስደርስ ወደ ሥራ ቪዛ እንደሚቀየርልኝ፣ ሥራውም ማዕድን ላይ ትራክ መንዳት ወይም ብየዳ እንደሆነ ነግሮኝ የቅጥር ደብዳቤ በቴሌግራም ልኮልኛል። የጠየቀኝ 850,000 ብር ነው፤ ግማሹን እስከ ወሩ መጨረሻ ካልከፈልኩ ቦታውን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ አስጠንቅቆኛል። ጓደኛዬን ስጠይቀው «እኔ የመጣሁት በቤተሰብ ነው፤ ሰውዬውን አላውቀውም» አለኝ። ባጃጇን ሸጬ የጎደለውን ከእናቴ እቁብ ለመሙላት አስቤ ነበር። ባለቤቴ ግን «መሄዱን ሂድ፤ ባጃጇን ግን አትሽጣት» ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ተኳርፈናል፤ ከጎኔ እንዳልቆመች ሆኖ ተሰምቶኛል። እኔ ለሥራ አልሰንፍም፤ የድሬን ፀሐይ የቻልኩ ሰው ሙቀትም አያስፈራኝም። ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ከመቃም በቀር ሌላ ሱስ የለብኝም። ባለቤቴን እንዴት ላሳምናት?

በያጁ፣ ከሳቢያን

መልስ፦

ውድ ወንድሜ፣ ባለቤትህ ከተናገረችው ነገር አንተ የያዝከው ኋለኛውን ግማሽ ብቻ ይመስለኛል። የፊተኛው ግማሽ «ሂድ» የሚል ነው። የ4 ዓመት ልጅ ይዛ የምትቀር ሴት ይህን ቃል ከአፏ ለማውጣት ምን ያህል ከራሷ ጋር እንደታገለች አስበህ ታውቃለህ? ብዙ ባሎች ሚስታቸውን ለወራት ለምነው የሚያገኙትን ፈቃድ አንተ ሳትለምን ተሰጥቶሃል። የከለከለችህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንተ በሌለህበት ቤቱን የምታቆምበትን ብቸኛ ምሰሶ እንዳትነቅልባት። ስለዚህ «እንዴት ላሳምናት?» የሚለውን ጥያቄህን ለጊዜው ላቆየውና በተራዬ ልጠይቅህ። የቅጥር ደብዳቤውን አሳይተሃታል? ስንት ዓመት እንደምትቆይ ነግረሃታል? ባጃጇ ተሸጣ ቪዛው ባይመጣ የሚቀጥለውን ወር አስቤዛ ከየት እንደምታመጣ አብራችሁ ተነጋግራችኋል? ኩርፊያችሁ የጀመረው ከእነዚህ ጥያቄዎች በኋላ ነው ወይስ እነርሱ ገና ሳይነሡ?

ከዚራ ስለተቀመጣችሁባቸው ቀናት የጻፍከውንም በቸልታ አላለፍኩትም። አብረህ ያደግኸው ሰው ሒሳብ ሲከፍል ኪስ ገብቶ ባዶ እጅ ማውጣት የሚያሳፍር ነገር ባይሆንም እንደሚያሳፍር አውቃለሁ፤ በተለይ ድሬን በመሰለ፣ ሰው ሁሉ በአንድ ማዕድ በሚቀርብበትና ጋባዥ መሆን እንደ ክብር በሚታይበት ከተማ። የሥራው መቀዝቀዝ እውነተኛ ችግር ነው፤ ያ ስሜትም እውነተኛ ነው። ሁለቱ ግን የተለያየ ፍጥነት ይጠይቃሉ። የሥራው ችግር የሚፈታው በወራትና በዓመታት ዕቅድ ሲሆን እስከ ወሩ መጨረሻ ካልሆነ እያለ የሚያጣድፍህ ምናልባት ስሜቱ ነው። ደላላውም ያንን አውቆ የጊዜ ገደብ እንዳበጀልህ እጠረጥራለሁ።

ስለ ደላላው ያለኝን አስተያየት ሳልሸፋፍን ልንገርህ፤ ይህ ሰው የሚሸጥልህ ሥራ ያለው አይመስለኝም። አውስትራሊያ ለጎብኚ በምትሰጠው ቪዛ ላይ 8101 የሚል ቁጥር የተሰጠው ቅድመ ሁኔታ አለ፤ ትርጉሙም ባለ ቪዛው እዚያ ሥራ መሥራት አይችልም ማለት ነው። ብዙ ጊዜም 8503 የሚባለው ይጨመርበታል፤ ይህ ደግሞ አገሪቱ ውስጥ ሆኖ ሌላ ቪዛ እንዳያመለክት ያግደዋል። ስለዚህ «እዚያ ስትደርስ ይቀየራል» የተባለው ነገር የተዘጋ በር ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ ለሥራ ቪዛ ስፖንሰርነት ሲባል ገንዘብ መጠየቅም ሆነ መክፈል በአገሪቱ ሕግ ከ2015 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ የተከለከለ በመሆኑ፣ ጉዳዩ ቢታወቅ የሚጠየቀው ተቀባዩ ብቻ አይሆንም፤ የከፋዩም ቪዛ ሊሰረዝ ይችላል። በእኛም አገር የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕግ የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትንና የሥራ ፈቃድን ወጪ በአሠሪው ላይ የጣለ ሲሆን ሠራተኛው የሚሸፍነው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና የብቃት ምዘና ያሉትን ነው። አሁን በደላላው ደብዳቤ ላይ የኩባንያውን ስም ፈልግ፤ በአውስትራሊያ የሚሠራ ድርጅት 11 አሃዝ ያለው የንግድ ቁጥር ስላለው በመንግሥት የኢንተርኔት መዝገብ ውስጥ በነፃ ፈልገህ ታገኘዋለህ። ደብዳቤው ላይ ቁጥሩ ከሌለ፣ ወይም ቁጥሩ የሌላ ድርጅት ሆኖ ከተገኘ፣ ባጃጇ የምትሸጠው ለምን እንደሆነ ለራስህም ግልጽ ይሆንልሃል።

ቅጥፈቱን ወደ ጎን ብንተወው ግን ምኞትህ ቅጥፈት አይደለምና ስለ ሥራው ራሱ እናውራ። ጓደኛህ የሚሠራበት የብረት ማዕድን አካባቢ ፒልባራ ሳይሆን አይቀርም፤ ከፐርዝ ወደ ሰሜን ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ከድሬ አዲስ አበባ ደርሶ የመመለስ ያህል መንገድ ነው። ሠራተኛው በአውሮፕላን ገብቶ፣ ለምሳሌ ሁለት ሳምንት ያለ ዕረፍት ቀን ሠርቶ፣ ለአንድ ሳምንት ወደ ፐርዝ ይመለሳል። አንዱ ፈረቃ 12 ሰዓት ይፈጃል፤ ቀን የሠራ በሌላ ጊዜ ሌሊት ይሠራል። የሚያድረው እነርሱ ዶንጋ በሚሏት ተገጣጣሚ ክፍል ውስጥ ሲሆን አልጋ፣ መታጠቢያና አየር ማቀዝቀዣ አላት፤ ምግቡም ከካምፑ ነው። ፎቶው ላይ ያየሃቸው ትላልቅ መኪኖችም ቢሆኑ፣ በበርካታ ማዕድኖች ውስጥ ዛሬ ያለ ሹፌር የሚሄዱና ከሩቅ ቁጥጥር የሚደረግባቸው ስለሆኑ፣ «ትራክ መንዳት» ብሎ ቃል የገባልህ ሰው ሥራውን በቅጡ የሚያውቀው አይመስልም። የአንተ ሙያ ግን ተፈላጊ ነው፤ ያረጀ የኤክስካቫተር (የመቆፈሪያ ማሽን) ባኬት የሚያድስ፣ ድንጋይ የበላውን ብረት ቆርጦ አዲስ የሚበይድ ሰው ሁልጊዜ ይፈለጋል። ለየት የሚልብህ አሠራሩ ነው። ፈረቃው የሚጀመረው ወረቀት በመሙላት ነው፤ እሳት የሚነካ ሥራ ያለ ፈቃድ ወረቀት አይጀመርም። እዚህ ፀሐይ መነፅር አድርጎ መበየድና ማታ ዓይን ሲያቃጥል ድንች ቆርጦ መለጠፍ የተለመደ ነው፤ እዚያ በዚህ ዓይነት አሠራር የተገኘ ሰው በሥራው ላይ የሚቆይ አይመስለኝም። ከቅጥር በፊት የዓይን፣ የጆሮ፣ የሳንባና የወገብ ምርመራም የተለመደ ስለሆነ ዓመታት በግራይንደር ጩኸት ውስጥ ያሳለፈውን ጆሮህን ከወዲሁ ብታስመረምረው መልካም ነው።

ሙቀቱን በተመለከተ የድሬን ልጅ ኩራት ለመንካት አልፈልግም። ሆኖም በፒልባራ ማርብል ባር የምትባል ትንሽ ከተማ ከጥቅምት 1923 እ.ኤ.አ. ማብቂያ እስከ ሚያዝያ 1924 እ.ኤ.አ. ድረስ ለ160 ተከታታይ ቀናት ሙቀቱ በየቀኑ 37.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ደርሷል። ድሬ ላይ ፀሐይ ሲበረታ ሱቅ ተዘግቶ ሰው ወደ ጥላ ይገባል፤ እዚያ ፈረቃው ይቀጥላል።

ስለ ጫት በአንድ ዓረፍተ ነገር ገረፍ አድርገህ አልፈሃል፤ ለዚህ ሥራ ግን ከእንግሊዝኛውም ከቪዛውም የማያንስ ጉዳይ ነው። እዚህ ከሰዓት በኋላ መቃም ምን ማለት እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም፤ ወሬውም፣ ሥራ የሚገኝበት መረጃም፣ እርቁም የሚያልፈው በዚያው ነው። አውስትራሊያ ግን ጫት ማስገባትን ትከለክላለች፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገርም አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር የሚዛመድ ነው። በማዕድን ካምፖች ደግሞ ከፈረቃ በፊት ለአልኮል በትንፋሽ፣ ለዕፅ በምራቅ ወይም በሽንት ድንገተኛ ምርመራ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ያልተፈቀደ ነገር የተገኘበት ሰው ሥራውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ መሄድህ ቁርጥ ከሆነ ራስህን አሁኑኑ ፈትነው። ከዛሬ ጀምሮ ለአንድ ወር ሳትቅም ሥራህን ሥራ፤ እንቅልፍህ፣ ጠባይህ፣ ከሰዓት በኋላ ያለው ጉልበትህ ምን እንደሚመስል ራስህ ታየዋለህ። ባለቤትህም ታየዋለች፤ ከየትኛውም ማሳመኛ ንግግር ይልቅ ይህ የሚያሳምናት ይመስለኛል።

ከሁሉ በላይ እንድታስብበት የምፈልገው ግን ሌላ ነው። ጓደኛህ ሁለት ሳምንት ሠርቶ ወደ ፐርዝ ሲመለስ የሚገባው ወደ ቤቱ ነው። አንተ ብቻህን ብትሄድ ያ የዕረፍት ሳምንት ድሬ አያደርስህም፤ ከካምፑ ክፍል ወጥተህ የምትገባው ወደ ሌላ የኪራይ ክፍል ነው፤ የፐርዝ ኪራይ ደግሞ ፎቶ ላይ የማይታይ ወጪ ነው። ፐርዝ ከእኛ 5 ሰዓት ይቀድማል። ከፈረቃ ወጥተህ ታጥበህ ስልክ ስታነሣ ልጅህ ምሳዋን በልታ የምትተኛበት ሰዓት ይሆናል፤ እርሷ ራት በልታ «አባዬ ጋ ደውሉልኝ» በምትልበት ምሽት አንተ ዘንድ እኩለ ሌሊት አልፎ፣ ለማለዳው ፈረቃ ልትነሣ ጥቂት ሰዓታት ይቀሩሃል። እንዲህ ያለው አኗኗር በሠራተኞች አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጫና አሳሳቢ ሆኖ በመገኘቱ የምዕራብ አውስትራሊያ ምክር ቤት ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ በ2015 እ.ኤ.አ. ሪፖርት አውጥቶበታል፤ ይህም ቋንቋው፣ ዘመዱና አገሩ እዚያው ለሆነ ሰው ሁሉ የሚከብድ ነገር መሆኑን ያሳያል። አንተ ስትከፋ ወዴት ነው የምትሄደው? ሰው ሲርቅህ ዝም የምትል ነህ ወይስ የምትናገር? ይህን ባለቤትህ ሳታውቀው አትቀርም፤ ጠይቃት።

ሕጋዊው መንገድ ረጅም ነው፤ ግን አለ። አሠሪ ስፖንሰር አድርጎ የሚያስመጣበት ቪዛ በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. በአዲስ መልክ የተደራጀ ሲሆን ከመደበኛው ሠራተኛ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤትና በሙያው የተሠራበትን ጊዜ የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃል፤ እንደ ሙያውም የክህሎት ምዘና ሊጨመርበት ይችላል። ቤተሰብንም አብሮ ማመልከት ይቻላል፤ ይህችን ነጥብ ለባለቤትህ ሳትነግራት እንዳትቀር። እንግዲህ እስከ ወሩ መጨረሻ 425,000 ብር ለማያውቁት ሰው ከመስጠት ይልቅ ገንዘብህንና ጊዜህን የምታውልባቸው ነገሮች አሉ። የብየዳ ብቃት ምዘና፣ ማለትም ሲኦሲ፣ ከሌለህ ውሰድ፤ ካለህም ወደ ቀጣዩ ደረጃ እለፍ። በኤሌክትሮድ ብቻ የምትበይድ ከሆነ ሚግና ቲግ የተባሉት የብየዳ ዓይነቶች የሚሠሩበት ቤት ፈልገህ ልመድ። አሠሪዎችህ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሲጽፉልህ «በያጅ ነበር» በሚል አንድ መስመር አትቀበላቸው፤ ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን መሣሪያ፣ ምን ዓይነት ሥራ እንደሠራህ ይዘርዝሩልህ። እንግሊዝኛውን ማታ ማታ ተማር፤ የቃሚዎቹ ሰዓት ባዶ ሆኖልሃልና ጊዜ አታጣም።

አንድ ሌላ ሐሳብም ላቅርብልህ። ሩቅ ቦታ የመሥራትን ኑሮ ሳትሰደድ ልትሞክረው ትችላለህ። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ኩርሙክን የመሰሉ የወርቅ ማዕድን ፕሮጀክቶች፣ እዚሁ አጠገባችን ደግሞ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች በያጅ ይፈልጋሉ። ለስድስት ወር ያህል ካምፕ ውስጥ ኑር፤ አንተም ካምፕ ምን እንደሆነ ታውቃለህ፣ ባለቤትህም ብቻዋን ቤት ማስተዳደሩን ትሞክረዋለች፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤህ ላይም ማዕድን ወይም ከባድ ኢንዱስትሪ የሚል ቃል ይገባበታል። ክፍያው የአውስትራሊያን አያህልም፤ ባጃጇ ግን ሥራ ላይ ትቆያለች።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ከባለቤትህ ጋር ልጅ ስትተኛ ቁጭ በሉ፤ ንግግሩን ከባጃጇ ሳይሆን ከኩርፊያው ጀምረው። «ሂድ ያልሺኝን ሳልሰማው ቀርቻለሁ» ብትላት የሚቀልህ ይመስለኛል። ከዚያ ወረቀት አውጥታችሁ አንድ ቁጥር ጻፉ፤ ስንት ሲሆን ይበቃናል? የራሳችሁን ብየዳ ቤት ለመክፈት የሚያስፈልገው ጄነሬተር፣ የብየዳ ማሽንና የቦታ ኪራይ ስንት ነው? ቁጥር የሌለው ስደት ማብቂያም የለውም፤ በየዓመቱ «አንድ ዓመት ልጨምር» የሚያስብለው ይኸው ነው። ከቁጥሩ አጠገብ የምትመለስበትን ዓመት ጻፉ፤ ምናልባት ቁጥሩ ከገመትከው አንሶ እዚሁ የሚሞላ ሆኖ ታገኘው ይሆናል። የእናትህን እቁብ ግን ከዚህ ሒሳብ ውጪ አድርገው፤ እርሳቸው ደርሷቸው ያሰቡት ነገር ይኖራቸዋል፤ ምን እንደሆነስ ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?

ጓደኛህም ሊረዳህ ይችላል፤ የሚጠየቀውን ብትጠይቀው። «ጥሩ ነው?» ብትለው «ጥሩ ነው» ይልሃል። ግብር ተቆርጦ በእጁ የሚገባውን፣ ለኪራይ የሚከፍለውን፣ በካምፕ ያሳለፋቸውን በዓላት፣ ቤቱ ሰው ታሞበት መመለስ ያልቻለበት ጊዜ እንደነበረ ጠይቀው። ለአንተ ሲል ቀጣሪውን «በያጅ ከውጭ ታስመጣላችሁ?» ብሎ እንዲጠይቅልህም ለምነው፤ ይህ ጥያቄ ገንዘብ አያስወጣም።

ደላላው ሲደውልልህ ሳትጣላው ሦስት ነገር እንዲልክልህ ጠይቀው፦ የአሠሪውን የንግድ ቁጥር፣ የሥራ ቪዛውን ዓይነትና በሥራ ስምሪት የመሰማራት ፈቃዱን። የሰጠህን ይዘህ ከተማችን ወደሚገኘው የሥራና ክህሎት ቢሮ ሂድና አጣራ። የጊዜ ገደቡን ካነሣብህ ባለቤትህ ሳታይ የምትፈርመው ነገር እንደሌለ ንገረው። የሰነዶቹን ቅጂና የተጻጻፋችሁትን መልእክት አታጥፋ፤ ገንዘብ ቀደም ብለህ ሰጥተኸው ከሆነም ደረሰኝ ባይኖርህ የባንክ ዝውውሩን ማስረጃ ይዘህ በዚሁ ሳምንት ለፖሊስ አመልክት። ይህን ለእኔ ባትጽፍልኝ እንኳ ለባለቤትህ አትደብቃት።